የእንግሊዝ ቁስለኛ ወታደር ሜዳይ፦ ከጠርዙ ጽሑፍ ተነስቶ ቁስሉ የተመዘገበበትን ማግኘት

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለቆሰለ የእንግሊዝ ወታደር፣ ለቁስሉ ተብሎ የተሠራ ሜዳይ አልነበረም። አሜሪካኖች ለቁስለኞቻቸው ፐርፕል ኸርት አላቸው፤ እንግሊዞች ግን ሁለቴ ቆስሎ የተመለሰውንም፣ ከግንባር ኋላ በቅሎ ሲጭን የከረመውንም ያሰናበቱት በአንድ ዓይነት የዘመቻ ሜዳይ ነው። ስለዚህ ሜዳዩን ብቻ አይቶ «ይህ ሰው ቆስሏል» ማለት አይቻልም። ቁስሉ ያለው ወረቀት ላይ ነው፤ ብረቱ የሚሰጠን ወደዚያ ወረቀት የሚያደርሰንን ስምና ቁጥር ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ሜዳዩን ከማንበብ ተነስቶ ሰውየው መቼ፣ የትና ምኑን እንደቆሰለ እስከ ማወቅ ያደርሳል።

የእንግሊዙን የመረጥነው በምክንያት ነው። የፈረንሳይና የኢጣሊያ የዘመቻ ሜዳዮች በተለምዶ ስም የለባቸውም፤ በእንግሊዞቹ ላይ ግን የባለቤቱ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና ክፍል ብረቱ ላይ ተመትቷል። ከመዝገቦቹም ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይገኛሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልግ ዕቃ

ብዙ አይደለም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት፣ የሚሊሜትርን አንድ አሥረኛ የሚያነብ ካሊፐር፣ ስስ ጓንት፣ ካሜራው ቅርብ ነገር የሚያነሳ ስልክ፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ሜዳይ አጠገብ አያድርሱ። ለመዝገቦቹ አንሴስትሪና ፋይንድማይፓስት የተባሉትን የክፍያ ድረ ገጾች መጠቀም ግድ ይሆናል። ለንደን ያለ ሰው ግን ገንዘቡን ያስቀምጥ፤ ኪው በሚገኘው ናሽናል አርካይቭስ ውስጥ ሁለቱንም በነፃ መክፈት ይቻላል። ብዙ የእንግሊዝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም አንሴስትሪን ለተጠቃሚዎቻቸው ይከፍታሉ። ኪው ላይ ዋናውን ሰነድ በእጅ ለማገላበጥ የአንባቢ ካርድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ስምና አድራሻ የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ይሂዱ።

ደረጃ 1፦ በእጅዎ ያለው የትኛው እንደሆነ ይለዩ

አንድ ተራ ወታደር ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሜዳይ ነበረው። የመጀመሪያው የነሐስ ኮከብ ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። የ1914 ኮከብ ከኦገስት 5 እስከ ኖቬምበር 22 ቀን 1914 ፈረንሳይና ቤልጂየም ውስጥ ለዘመቱ የተሰጠ ነው። የ1914-15 ኮከብ ደግሞ እስከ 1915 መጨረሻ ድረስ በየትኛውም ግንባር ለገቡ፣ የመጀመሪያውን ኮከብ ላላገኙ የተሰጠ ነው። አንድ ሰው ከሁለቱ አንዱን እንጂ ሁለቱንም አያገኝም። ቀጥሎ የብሪታንያ የጦርነት ሜዳይ አለ፤ የብር ነው፣ ስፋቱ 36 ሚሊሜትር። በጀርባው ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ነገር ግን እኛ እንደምናውቀው ሥዕል ዘንዶ አይወጋም። ራቁቱን በፈረስ ተቀምጦ፣ ፈረሱ ንስር የተቀረጸበትን ጋሻ ይረግጣል። ሦስተኛው ክንፍ ያላት የድል ምስል ያለበት የነሐስ ሜዳይ ነው፤ ሪባኑ የቀስተ ደመና ቀለም አለው።

አንድ ሕግ በቃልዎ ይያዙ። ኮከብ ያገኘ ሰው የብሩንም የድሉንም ሜዳይ አግኝቷል። የድል ሜዳይ ያገኘ የብሩንም አግኝቷል። የብሩን ብቻ ያገኘ ደግሞ ከአገሩ ወጥቶ ያገለገለ፣ ነገር ግን ጦርነት ከሚካሄድበት ግንባር ያልገባ ነው። ስለዚህ የድል ሜዳይ ብቻውን ቢያገኙ የጎደለ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብቸኛ የድል ሜዳይ ገበያው ላይ የበዛው በ1980 መጀመሪያ የብር ዋጋ ሰማይ ሲነካ እጅግ ብዙ የብር ሜዳዮች ስለቀለጡ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ለቁስለኛ ሰው ዋናው ዕቃ እንግሊዞች ሲልቨር ዋር ባጅ የሚሉት ክብ የብር ባጅ ነው። ከሴፕቴምበር 1916 ጀምሮ በቁስል ወይም በሕመም ከሠራዊቱ ለተሰናበቱ ይሰጥ ነበር። ሲቪል ልብስ ላይ የሚደረግ ነው፤ ጤነኛ የሚመስል ወጣት መንገድ ላይ «ለምን አልዘመትክም?» ተብሎ እንዳይሰደብ ይከላከልለት ነበር። ጀርባው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ያ ቁጥር የባጁ ቁጥር ነው፤ ከወታደሩ መለያ ቁጥር ጋር አያምታቱት።

ደረጃ 2፦ ጠርዙን ያንብቡ

የብሩና የድሉ ሜዳይ ስም ጠርዛቸው ላይ ዙሪያውን ተመትቷል። የኮከቡ ግን ጀርባው ላይ በሦስት መስመር ነው፦ ቁጥር፣ ማዕረግና ስም፣ ክፍል። መብራቱን ዝቅ አድርገው ከጎን ያብሩት፤ ከላይ የሚመጣ ብርሃን ፊደሉን ያጠፋዋል። ሜዳዩን በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ ጠርዙን በስድስት ፎቶ ያንሱ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ካለፈው ፎቶ ሁለትና ሦስት ፊደል ይድገም። ከዚያ ያነበቡትን እንዳለ ይገልብጡ፤ ነጥቡንም፣ አጭር ምልክቱንም ሳይተዉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ክፍሉን ሲፈታ ነው። ሬጅመንቶች፣ ማለትም በሥራቸው ብዙ ሻለቃ ያላቸው የጦር ክፍሎች፣ በአጭሩ ስለሚጻፉ የሚመሳሰሉ አሉ። «ኖርዝ» ብሎ ጀምሮ ከጭረት ምልክት በኋላ «ኤን» ያለው የኖርዝሃምፕተንሻየር ሬጅመንት ነው፤ «ዲ» ያለው ደግሞ የኖርዝምበርላንድ ፊዩዚሊየርስ ነው። በአንዲት ፊደል ስህተት የሌላ ሰው ሕይወት ሲመረምሩ ሊከርሙ ይችላሉ። ማዕረግም እንዲሁ ነው። ሃምሳ አለቃ የሚለው በዚያ ዘመን «ኤስ ጄ ቲ» ተብሎ ነው የሚመታው። መድፈኛ፣ መሐንዲስ፣ ነጂ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አጭር ምልክት አላቸው፤ ሁሉም ግን ከተራ ወታደር እኩል ናቸው። መኮንን ከሆነ ቁጥር የለውም፤ በብሩና በድሉ ሜዳይ ላይ ክፍሉም አይጻፍም።

ኮከቡ ላይ ተራ ወታደር፣ ሌሎቹ ላይ ሃምሳ አለቃ ቢል አይደንግጡ። ኮከቡ የሚያሳየው ሰውየው ግንባር ሲገባ የነበረውን ማዕረግ ነው፤ ሌሎቹ በኋላ የደረሰበትን ይዘዋል።

ደረጃ 3፦ ስሙ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡ

የተፋቀ ሜዳይ አለ። የአንዱን ስም ሞርዶ የሌላውን፣ ዋጋ የሚያወጣውን ሰው ስም መምታት የቆየ ማጭበርበር ነው። ካሊፐሩን ይዘው ስፋቱን ቢያንስ በአራት አቅጣጫ ይለኩ። የተሞረደ ጠርዝ ከ36 ሚሊሜትር ይቀንሳል ወይም በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይለያል። ጣትዎን ሲያሳልፉበትም መሐሉ ጎድጎድ ይላል። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት የፊደሎቹ ውስጥ ከቀረው ብረት ይበልጥ የሚያበራ ከሆነ አዲስ ምት ነው። በሻጋታ ፈስሶ የተሠራ ቅጂ ደግሞ ከዋናው ጥቂት ያንሳል፤ በብሩ ሜዳይ ፊት ላይ ያለው የንጉሡ ምስል ፂምና ጸጉርም ድፍን ይላል። የብሩ ሜዳይ ማንጠልጠያ ቀጥ ያለና የማይዞር ነው፤ የሚሽከረከር ከሆነ ተነካክቷል።

ሪባኑንም ይዩ። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ነጩ መስመር ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ከበራ ክሩ ዘመናዊ ነው። ይህ ግን ሜዳዩን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ቤተሰቡ ያረጀውን ሪባን ቀይሮት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ የሜዳይ ማውጫ ካርዱ

ናሽናል አርካይቭስ ደብሊው ኦ 372 በሚል መለያ የያዘው የካርድ ስብስብ ለሥራው በር ነው። በስም ብቻ አይፈልጉ። ጆን ስሚዝ ስንት እንደሆነ አምላክ ይወቀው። ስም፣ ቁጥርና ሬጅመንት ሦስቱም መግጠም አለባቸው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ራሱ በሠራዊቱ ሁሉ አንድ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ሬጅመንት የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። ቴሪቶሪያል የሚባለው የተጠባባቂ ጦር ውስጥማ እያንዳንዱ ሻለቃ የራሱ ተከታታይ ቁጥር ነበረው፤ ስለዚህ በአንድ ሬጅመንት ውስጥ ቁጥር 1234 የያዙ ብዙ ሰዎች ይኖራሉ። በ1917 መጀመሪያ እነዚህ ሰዎች አዲስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር ተሰጣቸው። ካርዱ ላይ ሁለት ቁጥር ካዩ መነሻው ይህ ሊሆን ይችላል።

ካርዱ ላይ የሚፈልጉት አራት ነገር ነው፦ የተሰጡት ሜዳዮች፣ የመዝገቡ ገጽ መለያ፣ መጀመሪያ የገባበት ግንባርና ቀኑ፣ የማስታወሻ ዓምዱ። ግንባሩ በቁጥር ይጻፋል፤ 1 ፈረንሳይ፣ 2ቢ ጋሊፖሊ፣ 3 ግብፅ ነው። የመግቢያ ቀኑ ባዶ ከሆነ ካርዱ ጎድሎ እንዳይመስልዎ። ቀኑ የተጻፈው ኮከብ ለሚገባው ሰው ስለነበረ፣ ባዶ መሆኑ ራሱ ከ1916 ወዲህ እንደዘመተ ይነግርዎታል። በማስታወሻው ዓምድ «ኤስ ደብሊው ቢ» የሚል ካለ የብር ባጅ አግኝቷል። «ዲ ኦፍ ደብሊው» ካለ በቁስሉ ሞቷል፤ ያን ጊዜ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽንን ነፃ ድረ ገጽ ይክፈቱ። «ክላስ ዜድ» የሚለው ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ተጠባባቂነት መዛወሩን ያሳያል።

የድሮው ጥቁርና ነጭ ቅጂ የካርዱን ጀርባ አያሳይም። አንሴስትሪ ላይ ያለው ባለ ቀለሙ ቅጂ ግን ጀርባውንም ይዟል፤ አልፎ አልፎ የቤት አድራሻ የሚገኘው እዚያ ነው።

ደረጃ 5፦ ሻለቃውን ያግኙ

ካርዱ ብዙ ጊዜ ሬጅመንቱን እንጂ ሻለቃውን አይናገርም። ሻለቃው ካልታወቀ ደግሞ የት እንደተዋጋ አይታወቅም፤ አንድ ሬጅመንት አሥርና ከዚያ በላይ ሻለቃ ኖሮት ግማሹ ፈረንሳይ፣ ግማሹ ጋሊፖሊ ሊሆን ይችላል። ከካርዱ ላይ የወሰዱትን የገጽ መለያ ይዘው ወደ ሜዳይ መዝገቡ፣ ወደ ደብሊው ኦ 329 ይሂዱ።

መዝገቡ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ለእኛ ግን ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር አለ። አንዳንድ ሬጅመንቶች ከሻለቃው አጠገብ ቀን ጽፈዋል። ለምሳሌ አንድ ሰው በአሥረኛው ሻለቃ ከጁላይ 1915 እስከ ጁላይ 5 ቀን 1916፣ ከዚያ በሁለተኛው ሻለቃ ከጃንዋሪ 1917 ጀምሮ ተብሎ ቢመዘገብ፣ መሐል ላይ የስድስት ወር ክፍተት አለ። ቆስሎ ወይም ታሞ ወደ እንግሊዝ የተላከ ሰው ከሻለቃው መዝገብ ይሰረዝና ወደ ማሰልጠኛ ክፍል ይተላለፋል፤ ሲድንም የሚላከው ሰው ወደጎደለበት ሻለቃ እንጂ ወደ ድሮ ጓዶቹ አልነበረም። ስለዚህ ክፍተትና የሻለቃ ለውጥ አንድ ላይ ሲመጡ ቁስልን ይጠርጥሩ። ጥርጣሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው ቀጥሎ ባሉት ወረቀቶች ይፈለጋል።

ደረጃ 6፦ ቁስሉ የተጻፈበትን ይፈልጉ

ከብር ባጁ መዝገብ ይጀምሩ። የተቀጠረበትን ቀን፣ የተሰናበተበትን ቀንና የስንብቱን ምክንያት ይሰጣል። ምክንያቱ «ቁስል» ወይም «ሕመም» ተብሎ በግልጽ ከተጻፈ ደግ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚገኘው የንጉሡ ደንብ የሚባለው የሠራዊቱ ደንብ አንቀጽ 392፣ ንዑስ ቁጥር 16 ነው፤ ትርጉሙ «ለጦርነት አገልግሎት በአካል ብቁ አይደለም» ማለት ነው። ይህ አንቀጽ ቁስለኛውንም፣ የሳንባ በሽተኛውንም እኩል ያሰናብታል። ሻጮች «392» የሚለውን አይተው «በጦርነት የቆሰለ» ብለው ሲለጥፉ ይታያል፤ አይቀበሉ። በሌላ በኩል ባጅ የለውም ማለት አልቆሰለም ማለት አይደለም። ቁስለኛው አብዛኛው ድኖ ወደ ክፍሉ የተመለሰ ስለሆነ ባጅ የሚሰጥበት ምክንያት አልነበረም።

ቀጥሎ የግል አገልግሎት ፋይሉ ነው። እዚህ ላይ ታሪኩ ያሳዝናል። ሴፕቴምበር 1940 ለንደን አርንሳይድ ስትሪት የነበረው የጦር ሚኒስቴር መጋዘን በጀርመን ቦምብ ተቃጠለና ከተራ ወታደሮችና ከበታች ሹማምንት ፋይሎች 60 በመቶ ያህሉ ጠፋ። የተረፈው ደብሊው ኦ 363 ነው፤ ብዙው ገጽ ዳሩ የነደደ፣ ውኃ የበላው ነው። ደብሊው ኦ 364 የሚባለው ግን ከእሳቱ ውጭ የነበረ፣ ጡረታ ከጠየቁ ሰዎች የተገኘ ስብስብ በመሆኑ ለቁስለኛ ሰው ዕድሉ እዚህ ይሻላል። የመኮንኖቹ ፋይል ለብቻው ነው፤ ደብሊው ኦ 339 እና 374። ውስጡ የሐኪሞች ቦርድ ሪፖርት ከተገኘ የቁስሉን መግቢያና መውጫ ሳይቀር ይገልጻል።

ፋይሉ ከተረፈ በቀጥታ ቢ 103 የተባለውን ቅጽ ይፈልጉ። በግንባር ላይ በሰውየው ላይ የሆነው ሁሉ በቀን በቀኑ የተመዘገበው እሱ ላይ ነው። አነባበቡ እንዲህ ነው። «ጂ ኤስ ደብሊው» የጥይት ቁስል ማለት ነው፤ ሆኖም ጸሐፊዎቹ የመድፍ ፍንጣሪውንም በዚሁ ይጽፉት ስለነበር «በጥይት ተመታ» ብለው አይደምድሙ፤ «ቆሰለ» ይበሉ። ቀጥሎ «ኤል» ከሆነ ግራ፣ «አር» ከሆነ ቀኝ፣ ከዚያ የአካሉ ስም ይመጣል። «ኤፍ ኤ» ፊልድ አምቡላንስ ነው፤ መኪና እንዳይመስልዎ፣ ሐኪሞችና ቃሬዛ ተሸካሚዎች ያሉት የሕክምና ክፍል ነው። «ሲ ሲ ኤስ» ከግንባሩ ኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በባቡር ሐዲድ አጠገብ ያለ፣ ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት ጣቢያ ነው። ከዚያ በሕሙማን ባቡር ሩዋን፣ ኤታፕል ወይም ቡሎኝ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ይወሰዳል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ የሆስፒታል መርከብ ስምና ወደ እንግሊዝ የተሻገረበት ቀን ይከተላል። በቅጹ ላይ ሁለት ዓይነት ቀን አለ፤ አንዱ ነገሩ የሆነበት፣ ሌላው ሪፖርቱ የደረሰበት። የሪፖርቱን ቀን የቁስሉ ቀን አድርጎ መውሰድ ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ነው።

ፋይሉ ከተቃጠለ አራት በር ይቀራል። አንደኛው የጡረታ ካርዶችና ደብተሮች ናቸው። ሊወገዱ የነበሩትን ዌስተርን ፍሮንት አሶሲየሽን የተባለው ማኅበር ተረክቦ አዳናቸው፤ ብዙዎቹ ላይ የጉዳቱ ዓይነትና በመቶኛ የተሰላ የአካል ጉዳት መጠን ይገኛል። ሁለተኛው የጦር ሚኒስቴሩ የጉዳተኞች ዝርዝር ነው። እስከ 1917 አጋማሽ በየዕለቱ ይወጣ የነበረውን ጋዜጦች ያትሙት ነበር፤ ከኦገስት 1917 ወዲህ ያለውን ሳምንታዊ ዝርዝር የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በነፃ አስቀምጦታል። ስሙ የሚወጣው ከቆሰለ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ሦስተኛው ኤም ኤች 106 የተባለው የሆስፒታል መዝገብ ነው፤ ዕድሜ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ ቁስሉና የገባበት ቀን ሁሉ አለበት። ይሁንና የተቀመጠው ለናሙና የተመረጡ ጥቂት ሆስፒታሎችና ክፍሎች መዝገብ ብቻ ነው፤ ስሙን አለማግኘት ምንም አያረጋግጥም። አራተኛው የከተማው ጋዜጣ ነው። ትናንሽ የእንግሊዝ ከተሞች ጋዜጦች የቁስለኛውን ፎቶ፣ አንዳንዴም ለእናቱ የጻፈውን ደብዳቤ ያትሙ ነበር። በስሙ ካልመጣ በመንገዱ ስም ይፈልጉ።

ይህም ሁሉ ካልሆነ የጎረቤት ቁጥር ዘዴ አለ። የሰውየውን ቁጥር ይዘው በዚያው ሬጅመንት ከሱ በፊትና በኋላ ያሉትን ሃያ ሃያ ቁጥሮች ይፈልጉ። ከእነሱ መካከል ፋይላቸው የተረፈ ካለ፣ መቼ እንደተቀጠሩ፣ በየትኛው ቀን ባሕር እንደተሻገሩና የት እንደተመደቡ ያያሉ። የእርስዎም ሰው አብሮ ተጉዞ ሊሆን ይችላል። ይህን ሲጽፉ ግን «ይመስላል» ብለው ይጻፉ።

ከሜዳዮቹ ጋር አብሮ ስለሚሸጠው የቁስል ምልክትም አንድ ቃል። ከጁላይ 1916 ጀምሮ ቁስለኞች በግራ ክንዳቸው እጅጌ ላይ ቀጥ ያለች የናስ ዘንግ ያደርጉ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቁስል አንድ። ስም የላትም፤ ማንም ከየትም አምጥቶ ሊያስቀምጣት ይችላል። ከቤተሰቡ እጅ በቀጥታ ካልመጣች እንደ ማስረጃ አይቁጠሯት። ወታደሩ ዩኒፎርም ለብሶ የተነሳው ፎቶ ላይ ከታየች ግን ጥሩ ምስክር ናት።

ደረጃ 7፦ የዚያን ቀን ውሎ በካርታ ያግኙ

ቀኑና ሻለቃው ከታወቁ የሻለቃውን የዕለት ውሎ መዝገብ፣ ደብሊው ኦ 95ን ይክፈቱ። የተራ ወታደር ስም እዚያ ውስጥ አይጠብቁ። መኮንን ሲቆስል በስሙ ይጻፋል፤ ሌላው «አራት ወታደር ቆሰለ» ተብሎ ይታለፋል። የሚገኘው ቦታው፣ ሰዓቱና የሆነው ነገር ነው። በዚያ ቀን አንድም ቁስለኛ ካልተመዘገበ ቀኑን እንደገና ይመርምሩ፤ ወይም ሰውየው ያን ጊዜ ወደ መሐንዲሶች ወይም ወደ መትረየስ ክፍል በውሰት ተልኮ ሊሆን ይችላል።

ቦታው የሚጻፈው በካርታ ቁጥር ነው። «57ዲ አር 31 ሲ 5.4» ቢል፣ 57ዲ የካርታው ቅጠል ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ሶም አካባቢ። አር ትልቁ አራት ማዕዘን ነው። 31 በውስጡ ያለ፣ ጎኑ 1,000 ያርድ የሆነ አራት ማዕዘን ነው። እሱም ለአራት ይከፈላል፤ ኤ ከላይ ግራ፣ ቢ ከላይ ቀኝ፣ ሲ ከታች ግራ፣ ዲ ከታች ቀኝ። ከዚያ ከሲ የታችኛው ግራ ጥግ ተነስተው አምስት አሥረኛ ወደ ምሥራቅ፣ አራት አሥረኛ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። እንዲህ ሲሆን ቦታውን በ50 ያርድ፣ በ45 ሜትር ገደማ ለይተው ያውቁታል። የዘመኑ የምሽግ ካርታዎች በዛሬው የሳተላይት ምስል ላይ ተደርበው በዚያው በስኮትላንድ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ይገኛሉ።

ሲገዙና ሲያሰባስቡ

ስለ ጁላይ 1 ቀን 1916 ይጠንቀቁ። በዚያ አንድ ቀን እንግሊዞች ሶም ላይ 57,470 ሰው ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ከነዚህ 19,240ው የሞቱ ናቸው። በዚያ ቀን የቆሰለ ሰው ሜዳይ ዋጋው ስለሚጨምር ሻጩ ቀኑን ለማስጠጋት ይፈተናል። ጋዜጣ ላይ በኦገስት የወጣ ስም ሁሉ ጁላይ 1 የቆሰለ አይደለም። የሻጩ ማጠቃለያ ወረቀት መነሻ ይሁንዎ እንጂ ዋናውን ሰነድ ራስዎ ሳያዩ አይክፈሉ። የጠርዙን ሙሉ ፎቶና በካሊፐር የተለካ ስፋቱን ይጠይቁ፤ የማይሰጥ ሻጭ ይለፍዎት።

የተበታተነውን መልሶ ማገናኘት የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ነው። ካርዱ ምን እንደጎደለ ነግሮዎታል። የጨረታ ድረ ገጾች ላይ ቁጥሩንና የቤተሰብ ስሙን አንድ ላይ አድርገው ማስታወቂያ እንዲደርስዎ ያስይዙ፤ ሻጭ ስም አሳስቶ ስለሚጽፍ ቁጥሩን ብቻውንም ይመዝግቡ። የጎደለውን ኮከብ በሌላ ሰው ኮከብ መሙላት ግን ሁለት ሰው መበደል ነው፤ የራሱን እስኪያገኙ ቦታው ባዶ ይሁን።

አያያዝ

አይወልውሉ። ብራሶና የመሳሰሉት የብረት ማጽጃዎች ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ብረቱንም ይዘው ነው የሚሄዱት፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ስሙ ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፤ ይበቃል። ሪባኑን አይጠቡ፤ ቀለሙ ይሮጣል። ከፒ ቪ ሲ የተሠራ ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ከጊዜ በኋላ አሲድ ያወጣና ነሐሱን አረንጓዴ አዝላጊ ነገር ያለብሰዋል፤ በፖሊስተር ኪስ ወይም አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት ያስቀምጡ። ላስቲክ፣ የሱፍ ጨርቅና ጋዜጣ ብሩን ያጠቁሩታል። የባሉጥ እንጨት መሳቢያም እንፋሎቱ ለብረት አይስማማም። ከሜዳዩ ጋር አንድ ፋይል ይክፈቱና እያንዳንዱን ነገር ከየትኛው መዝገብ፣ ከየትኛው ገጽ እንዳገኙት ይጻፉ፤ የተረጋገጠውንና የሚመስለውን በተለያየ ገጽ ያድርጉ።

ወደ አገራችን ሲመጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚገኝ የእንግሊዝ ሜዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሁለተኛው ጦርነት የአፍሪካ ኮከብ ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ የሚቆጠረው ከጁን 10 ቀን 1940 እስከ ኖቬምበር 27 ቀን 1941፣ ጎንደር ያለው የጣልያን ጦር እጁን እስከሰጠበት ቀን ነው። እንግሊዞች የዚህን ጦርነት የዘመቻ ኮከቦች ያለ ስም ነው የሰጡት፤ ደቡብ አፍሪካና ሕንድ ግን ለወታደሮቻቸው ስም መትተዋል። ስለዚህ የደቡብ አፍሪካ ወታደር ስም ያለበት የአፍሪካ ኮከብ ካጋጠመዎ ፍለጋውን ለንደን ሳይሆን ፕሪቶሪያ ካለው የመከላከያ ሰነዶች ማዕከል ይጀምሩ።

የቃኘው ሻለቃ ቁስለኞችም በዚሁ መንገድ ሊጠኑ ይችላሉ። ኮሪያ ላይ 121 ሞተው 536 ቆስለዋል። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ፣ አሥራ ሰባት ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው ሪባን የያዘው፣ በአማርኛ ጽሑፍም ተመትቷል፤ ስም ግን አልተመታበትም። ስለዚህ ከምስክር ወረቀቱና ከፎቶው ከተለየ የማን እንደነበር ማወቂያ የለውም፤ አንድ ላይ ያስቀምጧቸው፤ የፎቶውን ጀርባም ፎቶ ያንሱ። ሻለቃው በአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ሥር ስለተዋጋ፣ የዚያ ሬጅመንት የጦር ሪፖርቶች ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይፈለጋሉ። ስም ሲፈልጉ በራሱ ስምም በአባቱ ስምም ይሞክሩ፤ አሜሪካኖቹ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው መዝግበዋል፤ አጻጻፉም በየጸሐፊው ይለያያል። ቤት ያለው ወረቀት 1943 ዓ.ም. ካለ የአሜሪካኑ መዝገብ 1950 ወይም 1951 ነው የሚለው፤ ወሩንና ቀኑን ቀይረው በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉት።